«ይነሳ» ያልኩት ሶፋውን ነው

ቅልጥፍና በሽታ ነው። አዎ፣ በሽታ! አልጋ ላይ የማይጥል፣ እንዲያውም «ጎበዝ» የሚያስብል በሽታ። ዝግተኛ ሰው ቢበዛ ራሱን ነው የሚያስረፍደው፤ ቀልጣፋ ሰው ግን ጎረቤት ያጣላል። አይደለም የምትሉ ካላችሁ፣ ባለፈው እሑድ ልደታ ኮንዶሚኒየም እኛ ብሎክ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁና ራሳችሁ ፍረዱ።

እኔ ሥራዬ የሞባይል አፕ መሥራት ነው። እናቴ ለሰው ስታስረዳ «ስልክ ትሠራለች» ነው የምትለው፤ በዚህ ምክንያት አብነት ሰፈር ያሉ ዘመዶቻችን ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ሁሉ ይልኩልኛል። አንዳንዱን አሠርቼ መልሻለሁ። ምን ላድርግ? ከማስረዳት ማሠራት ይቀላል።

የብሎካችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ጋሽ ደምሰው ይባላሉ። ፍርድ ቤት በሬጅስትራርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ እሑድ እንኳ ክራቫት የማይፈቱ ሰው ናቸው። ጭንቀታቸው አንድ ነው፤ ስብሰባ ሲጠሩ ሰው አይመጣም። ስብሰባ የተባለ ዕለት ከብሎካችን ግማሹ ለቅሶ አለበት፣ ግማሹን ሆዱን ይቆርጠዋል። ጋሽ ደምሰው «ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም» ብለው ለራሳቸው ተናግረው፣ ወንበሩን ብቻቸውን እያነሱ ሲመለሱ ከበረንዳዬ ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። እኔም ሆዴን ቆርጦኝ ነው በረንዳ ላይ የምሆነው።

አንድ ቀን ደረጃ ላይ አገኙኝ።

«ልጄ ምሕረት፣ ሰው ወደ ስብሰባው ካልመጣ ስብሰባው ወደ ሰው ይሂድ ብዬ አሰብኩ። ይቻላል?»

«በስልክ ነው ጋሽ ደምሰው?»

«በስልክ። እያንዳንዱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይናገራል፣ ይሰማል፣ ድምፅ ይሰጣል። ለቅሶ ላይ ያለውም ከለቅሶው።»

«ይቻላል» አልኩ። አያችሁ ቅልጥፍናን? «ላስብበት» እንኳ አላልኩም።

ሠራሁት። አፑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው የማስታወቂያ ገጽ ነው፤ አጀንዳው እዚያ ይነበባል። በአውራ ጣት ወደ ጎን ሲገፋ ደግሞ የስብሰባው ገጽ ይመጣል፤ እዚያ የደረሰ ሰው ይናገራል፣ ይሰማል። በቃ፣ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንዲት የሙያ ነገር ጣል ላድርግ፤ አትሽሹ፣ አጭር ናት። እንዲህ ወደ ጎን የሚገፉ ገጾች ሲሠሩ ትልቁ ጥያቄ «ቀጣዩ ገጽ መቼ ይጫን?» የሚለው ነው። ሰውየው ሲደርስበት ብቻ ይጫን ካላችሁ፣ ኔትወርኩ እስኪያመጣው ድረስ ያቺ ክብ ነገር ስትሽከረከር እያየ ይቆማል። በኛ ሰፈር ኔትወርክ እሷን እያየ ያረጀ ሰው አለ። ስለዚህ ቀልጣፋ ባለሙያ ምን ታደርጋለች? ሰውየው የመጀመሪያውን ገጽ እያነበበ ሳለ፣ ጎን ያለውን ገጽ ከጀርባ አዘጋጅታ ትጠብቀዋለች። ሲገፋው ዝግጁ! እንግዳ ሳይመጣ ገበታ እንደ መዘርጋት ማለት ነው።

እኔም ዘረጋሁ። ታዲያ ገበታውን ስዘረጋ ማይኩንም አብሬ ከፈትኩት። ድምፅ የሚያሰማውን ክፍል ግን፣ ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣ በትክክል ሰውየው ገጹ ላይ ሲደርስ ብቻ እንዲጀምር አድርጌዋለሁ። ስለዚህ አንድ ሰው አፑን ከፍቶ ገና አጀንዳ ሲያነብ፣ ሳያውቀው አፉ ስብሰባ ገብቷል፤ ጆሮው ግን ቤቱ ነው። እሱ ማንንም አይሰማም። የስብሰባው ገጽ ላይ የደረሰ ሰው ግን እሱን ጥርት አድርጎ ይሰማዋል።

«ስልኩ ‘ማይክ ልክፈት ወይ?’ ብሎ አይጠይቅም እንዴ?» የምትሉ ነቃ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ይጠይቃል። ግን እስቲ በሞቴ፣ «ፍቀድ» እና «ከልክል» ተደርድሮለት «ከልክል»ን የነካ ዘመድ አላችሁ? እኛ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን።

«ቀድመሽ አልሞከርሽውም?» ላላችሁ ደግሞ፣ ሞክሬዋለሁ! እኔ ሳሎን፣ ባለቤቴ ዮናስ መኝታ ቤት ሆነን፣ ሁለታችንም በቀጥታ ወደ ስብሰባው ገጽ ገፍተን «ሃሎ፣ ሃሎ» ተባብለናል። ማስታወቂያ ላይ ቆሞ ስለ ራሱ ጉዳይ የሚያወራ ሰው ምን እንደሚሆን ማን ይሞክራል? ማንም። እኔ ብሎኩን በሙሉ ሞከርኩበት።

የእሑዱ አጀንዳ ቀልድ አልነበረም። ከመግቢያችን ደረጃ ሥር እማማ ብዙነሽ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ዘርግተው ይሸጣሉ፤ የሚኖሩትም እዚያው ምድር ቤት ነው። አንዳንድ ነዋሪዎች «መተላለፊያ ዘጉብን፣ ጉሊቱ ይነሳ» ብለው አቤት አሉ። እማማ ብዙነሽ ከዚያች ጉሊት ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። እኔ ደግሞ ሥራ ስሄድ ቁልፌን የምተወው እሳቸው ጋ ነው፤ ታምሜ የተኛሁ ጊዜ አጥሚት ይዘው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ደረጃውን ሁሉ እየተነፈሱ የወጡልኝ እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ዕለት እጃቸውን ይዤ «አይዞዎት እማማ፣ ነገ ከሁሉም ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ቀድሜ መናገሬስ አልቀረም።

ማስታወቂያው «ከአራት ሰዓት በፊት አፑን ከፍታችሁ አጀንዳውን አንብቡ» ይላል። ከቅዳሴ የተመለሰውም፣ ገና ከአልጋው የወረደውም አፑን ከፈተ፣ አጀንዳውን አነበበ ወይም ያነበበ መሰለ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወደ ቁርሱ ሄደ። ስክሪኑ እንዳይጠፋ አድርጌ ነው የሠራሁት። ቅልጥፍና!

እኛም ቤት ስልኬ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል። እኔና ዮናስ የተለመደው ርዕሳችን ላይ ነን፤ ሶፋው። ይህ ሶፋ የዮናስ አክስት ያወረሱት፣ አንድ እግሩ በብሎኬት ስባሪ የተደገፈ፣ ዝናብ ሲመጣ እንደ በግ የሚሸት ሶፋ ነው።

«ይነሳ!» አልኩ። «ዛሬውኑ ይነሳ! መተላለፊያ አሳጣን እኮ! ይሸታል፣ ትኋን ያፈራል፣ እንግዳ ሲመጣ አፍራለሁ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት በይሉኝታ ነው።»

«ከዚያች ሴትዮ ሌላ ማን ነበረኝ?» አለ ዮናስ፣ ስለ አክስቱ።

«ለሴትዮዋ ብዬ ነው የታገስኩት፤ አሁን ግን በቃኝ። ይነሳ!»

ዮናስ ተነስቶ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ልቤ ሞቅ ብሎ፣ ለቁርስ ሽንኩርት ልገዛ ወረድኩ።

ደረጃው ሥር ስደርስ እማማ ብዙነሽ ቲማቲሙን ወደ ቅርጫቱ እየመለሱ ነው።

«እማማ ብዙነሽ፣ ምነው በጠዋቱ?»

ቀና ብለው አላዩኝም። «ይነሳ ተባለ። እያነሳሁ ነው።»

«ማን አለ? ስብሰባው ገና መቼ ተጀመረና!»

«‘ማን አለ’ ትዪኛለሽ?» ቲማቲሙን አስቀመጡት። «ይሸታል አልሽ። እንግዳ ሲመጣ አፍራለሁ አልሽ። ትኋን ያፈራል አልሽ። ምሕረት… ቃሪያዬ ትኋን ያፈራል?»

አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«እስከ ዛሬም በይሉኝታ ነው አልሽ» አሉና የሽንኩርቱን ጆንያ አፍ ማሰር ጀመሩ። ቋጠሮው እምቢ አላቸው። ላግዛቸው እጄን ስዘረጋ ጆንያውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ሌላውን ሁሉ እችለው ነበር። ጆንያውን መሳባቸውን ግን አልቻልኩትም።

«እማማ፣ በማርያም! ስለ ሶፋ ነው የተናገርኩት!»

«እኔ ሶፋ እሸጣለሁ?»

ይህን ጊዜ አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ጎረቤታችን ፍቃዱ፣ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌሩ፣ ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ ደረጃውን ወረደ። ያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ። ስቆ ነው።

«ምሕርዬ፣ ጀለሴ!» አለኝ። «ይሄ አፕ በየቀኑ ይሁንልን!»

«ምን ሰማህ?»

«ምን ያልሰማሁት አለ?»

ፍቃዱ እንደ ነገረን ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ደምሰው ከሁሉ ቀድመው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ በቀጥታ ወደ ስብሰባው ገጽ ገቡ። ሲገቡ ብሎኩ በሙሉ ያወራል! በሊቀመንበርነት ዘመናቸው እንዲህ ያለ ተሳትፎ አይተው አያውቁም። ሳይውሉ ሳያድሩ ስብሰባውን ከፈቱ። የሳቸውን ድምፅ የሚሰማው ግን እዚያ ገጽ ላይ የደረሰ ሰው ብቻ ነው፤ ማለትም ጉዳዩ የራሳቸው ስለሆነ በጊዜ የገቡት እማማ ብዙነሽ፣ እና አጀንዳውን ሳያነብ የገፋው ፍቃዱ። እማማ ብዙነሽ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። ፍቃዱ ትራስ ነክሶ አዳመጠ። ሌላው ሰው ቤቱ ሆኖ የቤቱን ያወራል።

«ስለ ጣራው የውሃ ታንከር፣ ይታጠብ ወይስ ይቆይ?» ብለው ጠየቁ ጋሽ ደምሰው።

«ይታጠብ፣ ግን በሙቅ ውሃ!» አለች አንዲት የሁለተኛ ፎቅ እናት። «ጆሮውን ደህና አድርገህ እሸው!»

ጋሽ ደምሰው «ጆሮ» የተባለው የታንከሩ እጀታ መሆን አለበት ብለው ተቀበሉት።

«ስለ ደረጃው መብራት አስተያየት ያለው?»

«አጥፋው! አጥፋው አልኩህ! ከተነሳህ ጀምሮ ካርቱን!»

መብራቱ እንዲጠፋ ተወሰነ።

«ክቡራን፣ አንድ በአንድ ብትናገሩ…»

«አንተ ዝም ብለህ ብላ!»

ጋሽ ደምሰው «የስብሰባ ሥርዓት ይከበር» ብለው ቀጠሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ወደ መጨረሻው አጀንዳ ደረሱ፤ «የወይዘሮ ብዙነሽ ጉሊት ይነሳ ወይስ ይቆይ?»

ቀጥሎ የተሰማው የኔ ድምፅ ነው። ጥርት ብሎ። ከብሎኩ ስልኮች ሁሉ ማይኩ የሚበልጠው የኔ ነው፤ ለሙያዬ ብዬ መርጬ የገዛሁት።

«አያችሁ?» አለ ፍቃዱ። «‘መተላለፊያ አሳጣን’ ስትይማ እኔ ራሴ አመንኩሽ።»

«እማማ፣ ይኸው ሰሙ» አልኩ። «ታንከሩም መብራቱም የሰው የቤት ወሬ ነው፤ የኔም እንደዚያው።»

እማማ ብዙነሽ ጆንያውን ለቀቅ አደረጉት። «እሺ፣ አመንኩሽ። ግን ምን ዋጋ አለው? ሊቀመንበሩ ተወስኗል ብለው ዘግተዋል።»

ሦስታችንም ወደ ጋሽ ደምሰው ቤት ወጣን። በሩን የከፈቱት ፊታቸው በርቶ ነው።

«ልጄ ምሕረት! ምልዓተ ጉባኤው ሞልቶ ፈሰሰ! ንግግርሽም ግሩም ነበር፤ ትንሽ ቁጣ በዛበት እንጂ።»

«ጋሽ ደምሰው፣ ማንም ስብሰባ ላይ መሆኑን አያውቅም ነበር። ማይኩ ነው ቀድሞ የተከፈተው። ሰው ገና አጀንዳውን እያነበበ፣ ጎን ያለው ገጽ ከጀርባ ተዘጋጅቶ…»

«‘ሳልገባ ገብቻለሁ’ ነው የምትዪኝ?»

«አዎ! ልክ እንደዚያ!»

መነጽራቸውን አወለቁ። ይህ ምልክት ጥሩ አይደለም። «ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ፍርድ ቤት ነው። ‘የተናገርኩት ስለ ሌላ ጉዳይ ነው’ የማይል ሰው አይቼ አላውቅም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ብለዋል አባቶች። ‘ይነሳ’ ብለሻል ወይስ አላልሽም?»

«ብያለሁ፤ ሶፋውን!»

«ሶፋ አጀንዳው ውስጥ አልነበረም።»

እስቲ ለዚህ ምን ይመለስለታል? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

እማማ ብዙነሽ በሩ ላይ ቆመው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘዋል። «ተዪው ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ጌጃ ሰፈር በኩል መንገድ ዳር ቦታ እፈልጋለሁ።» መንገድ ዳር… ፀሐይና ዝናብ ላይ፣ ጠዋት ተሸክመው ወጥተው፣ ማታ ተሸክመው ሊመለሱ! በኔ ሶፋ ምክንያት።

ፍቃዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… የመጀመሪያውን አጀንዳ ውሳኔ ለምን ዘለሉት?»

«የትኛውን?»

«ሲከፍቱ ‘በሊቀመንበርነቴ ልቀጥል ወይስ ልውረድ?’ ብለው ጠይቀው አልነበረም?»

ጋሽ ደምሰው ክራቫታቸውን ነካ አደረጉ። «በዚያ ነጥብ ላይ የጠራ ድምፅ አልተሰማም።»

«ኧረ ጋሼ! እንዴት አይጠራም! ‘ይውረድ! በቃው! ከዚህ በላይ ከቆየ ያርራል!’ የሚል ተሰምቷል።»

«የተናጋሪው ማንነት አልተረጋገጠም።»

«እትዬ አስካለ ናቸዋ!»

እትዬ አስካለ የጋሽ ደምሰው ባለቤት ናቸው። ስማቸው ሲጠራ ከማድ ቤት ማማሰያ እንደ ያዙ ብቅ አሉ።

«እኔ ምን አልኩ?»

«‘ይውረድ’ ብለሻል» አሉ ጋሽ ደምሰው። ድምፃቸው እንደ ሊቀመንበር አልነበረም። «በጉባኤ ፊት።»

«የቱ ጉባኤ? ማድ ቤት ከስልኬ ጋር ብቻዬን ነበርኩ! ድስቱን ነው! ድንቹ ሊያርርብኝ!»

«ድንቹን ነው?»

«ታዲያ ማንን ሊሆን ነው?»

ጋሽ ደምሰው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ለካ ሰውየው ያን ሁሉ ጊዜ ደስ ያላቸው መስለው፣ ይህችን በሆዳቸው ይዘዋት ነው! ብሎኩ በሙሉ «ውረድ» ቢላቸው ይግባኝ ይሉ ነበር፤ የእትዬ አስካለን ግን ምን ብለው፣ ለየትኛው ችሎት?

እትዬ አስካለ ትክ ብለው አዩዋቸው። «ቅድም ሻይ ሳቀርብልህ ፊትህን ያዞርከው ለዚህ ነው?»

ጋሽ ደምሰው መነጽራቸውን በክራቫታቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ።

«አይ አንተ…» አሉና ማማሰያውን ዝቅ አደረጉ። ትንሽ አሰብ አደረጉ። «ግን ነገሩ ከተነሳ አይቀር፣ ብትወርድ እኔ አልጠላም። እሑድን አብረን ቁርስ ከበላን ቆየን እኮ።»

ፍቃዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን የምስቅበት ጊዜ አልነበረም፤ በሩ ተከፍቶልኛል።

«ጋሽ ደምሰው» አልኩ፣ «ድስቱ ድስት ከሆነ፣ ሶፋውም ሶፋ ነው።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። እትዬ አስካለን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በሩ ላይ የቆሙትን እማማ ብዙነሽን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ተነሡ፤ ችሎት ሙሉ ሰው ፊታቸው ያለ ይመስል።

«የዛሬው ስብሰባ ከመነሻው እንዳልተደረገ ይቆጠራል» አሉ። «ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ይመለሱና ሽንኩርትዎን ይዘርጉ። ስብሰባው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት፣ ግቢው ውስጥ፣ በአካል ይደረጋል።» ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

ቤቴ ገብቼ ከምሳ በፊት አፑን አስተካከልኩት። ማስተካከያው ያሳፍራል፤ እፍኝ የማትሞላ ነገር ናት። ገጹ እንደ ፈለገ ቀድሞ ይዘጋጅ፣ ጽሑፉም ሥዕሉም ይምጣ፤ ማይኩ ግን ሰውየው ራሱ ገፍቶ ገጹ ላይ እስኪደርስ ድረስ ይጠብቅ፣ ትቶት ሲሄድም ይዘጋ። ገበታው ይዘርጋ፤ እንግዳው ሳይቀመጥ ግን ማዕዱ አይባረክ። ይኸው ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ…

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግቢው ጢም አለ። ለቅሶ ያለበት የለ፣ ሆዱን የቆረጠው የለ! ፍቃዱ እስከ ምሳ ሰዓት ነገሩን ከፎቅ ፎቅ አዳርሶታል፤ የመጣው ሁሉ ለአጀንዳው ሳይሆን ለአንድ ጥያቄ ነው።

«ፍቄ፣ እኔ ምን አልኩ?»

ፍቃዱ ፈገግ ይላል እንጂ አይናገርም። «እኔ ምስጢር ጠባቂ ነኝ» ይላል፣ ግቢው በሙሉ በሚሰማው ድምፅ። ከዚያ በፊት ሰላም የማይለው ሰው ሁሉ ወንበር ለቀቀለት። አንድ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ጎልማሳ ወደ ጥግ ወስዶት «ስለ አማቴ የተናገርኩት…» ብሎ ሲጀምር ፍቃዱ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ተቀብሯል» አለው። ሰውየው ስብሰባው እስኪያልቅ ከፍቃዱ ጎን አልተለየም። እኔን ደግሞ የሚያዩኝ ዓይን… ኧረ አይነገርም! ደግነቱ አንዱ ዮናስን «ሶፋው ተነሳ?» ብሎ ሲጠይቀው ሰው ሁሉ ስቆ ነገሩ ረገበ። ለእኔ እንጂ ለዮናስ አልረገበም፤ ብሎኩ ካወቀው በኋላ ቢነሳ ተሸነፈ ይባላል ብሎ፣ ሶፋው እንደማይነሳ እዚያው ቆሞ ማለ።

ስለ ጉሊቱ ሲጠየቅ መጀመሪያ እጄን አወጣሁ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ። «ታምሜ ሳለሁ አጥሚት ይዘውልኝ ወጥተዋል» አልኩ። «ደረጃው ላይ እየቆሙ እያረፉ። እኔ ጤነኛ ሆኜ እንኳ እያረፍኩ ነው የምወጣው።» ከዚያም ተቀመጥኩ። አንዱም ቁልፉን እማማ ብዙነሽ ጋ እንደሚተው ተናገረ፣ አንዷም የሷን። ለካ የብሎኩ ቁልፍ በሙሉ እሳቸው ጋ ነው! «ይነሳ» ብለው አቤት ካሉት አንዷ ግን «እኔ ጠላታቸው አይደለሁም፤ የልጄን ጋሪ ማሳለፍ አቃተኝ» አለች። እውነቷን ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነገሩን አስተውሉልኝ። ጠዋት ሳያውቁት ሲሰበሰቡ ያን ሁሉ አጀንዳ በቁርስ ሰዓት ጨርሰውት ነበር። ከሰዓት አውቀውት ሲሰበሰቡ ግን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ የተናገረው መልሶ ተናገረ፣ የተቃወመው መልሶ ደገፈ፤ የጨረባ ተዝካር ሆነ። ታንከሩ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ ለመባባል ብቻ የፈጀነውን ጊዜ አልነግራችሁም። ሰው በፍጥነት እንዲወስን ከፈለጋችሁ ስብሰባ ላይ መሆኑን አትንገሩት።

በመጨረሻ ተወሰነ። ጋሽ ደምሰው በሊቀመንበርነታቸው ይቀጥሉ ተባለ፤ ግቢው በሙሉ እጁን አወጣ፣ እትዬ አስካለ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ስብሰባም ከእንግዲህ እሑድ ጠዋት እንዳይጠራ ጋሽ ደምሰው ራሳቸው ሐሳብ አቀረቡ፤ ማንም አልተቃወማቸውም። የእማማ ብዙነሽ ጉሊት አይነሳ፤ ለጋሪ ማለፊያ ብቻ ወደ ግድግዳው ጠጋ ይበል ተባለ። እማማ ብዙነሽ በዚያው ማታ ጠጋ አደረጉት። እኔም በሰላም አደርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ስወርድ ጉሊቱ ከግድግዳው ወጥቶ፣ የድሮ ቦታው ላይ ዘና ብሎ ተዘርግቷል። እንዲያውም ትንሽ ወደ ፊት የገፋ መሰለኝ።

«እማማ ብዙነሽ፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ ይበል ተብሎ ተወስኖ አልነበረም?»

ሽንኩርት እየመዘኑ ቀና ብለው አዩኝ። «መቼ?»

«እሑድ ነዋ! ስብሰባው ላይ!»

እሑድ ስብሰባው ላይ ፊት ለፊት ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ የሚያጨበጭበውን ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» እያሉ ሲመርቁ የነበሩት ሴትዮ ሚዛኑን አስቀመጡና፣ ከልባቸው አዝነው፣

«ውይ ልጄ» አሉኝ። «እኔ እኮ ስብሰባ መሆኑን አላወቅኩም።»